«ዳይናሚክ አኳሪያ»ን ጅማ ላይ ማንበብ፦ ባሕሩ ሳሎን ቢገባ ትንፋሹን ማን ይሰጠዋል?

ዋልተር አዴይና ካረን ላቭላንድ «ዳይናሚክ አኳሪያ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተሙት በ1991 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1998 እና በ2007 እየተሻሻለ ወጥቷል። ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው የዓሣ ማሳደጊያ መመሪያ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም በትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የኮራል ሪፍ እንዴት እንደሚገነባ ያስተምራል፤ ፓምፑን፣ መብራቱን፣ ማዕበሉን፣ ሁሉንም። ነገር ግን የመጽሐፉ ዓላማ ከዚያ ይሰፋል። አዴይ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ ነበሩ፤ በ1980 ለሕዝብ የታየውን ሕያው የሪፍ ገንዳ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ገንዳውን እንደ ዓሣ ማስቀመጫ ዕቃ አትዩት፤ ከዱር ሥርዓተ ምኅዳር የተቆረሰ ቁራሽ አድርጋችሁ እዩት፤ ብርሃኑን፣ ሞገዱንና ምግቡን እንደ ተፈጥሮው ስጡት፤ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል።

«የቀረውን ራሱ ይሠራዋል» የምትለዋ ነገር ላይ ነው ጥያቄዬ።

ለምን ጅማ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይነበባል የሚል አንባቢ ይኖራል። ከጅማ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በአየር መስመር እንኳ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ባሕር ለጅማ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ላይ ቡና ሲወጣ የሚገባው አሞሌ ጨው ከደናክል የተቆረጠ ነበር፤ የደናክል ጨው ደግሞ የደረቀ ባሕር ነው። ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ ነበር፤ በዳርቻው ኮራል በቅሏል፤ በኋላ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ፣ ኮራሉም ድንጋይ ሆነ። ዛሬ አፋር ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች በወረደው ሜዳ ዙሪያ ይታያል። እንግዲህ ኢትዮጵያ የኮራል ሪፍ አላት ማለት ይቻላል፣ የሞተ ቢሆንም። ስለ ዝግ ሥርዓት የሚያወራ መጽሐፍ ስናነብ ይህን በአእምሯችን እናስቀምጥ፤ የደናክሉ ባሕር በተፈጥሮ የተዘጋ ገንዳ ነበር። ለመሞት የበቃውም ከውጭ የሚመጣለት ውሃ ስለቀረ ነው።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የአዴይ ትልቁ ፈጠራ የአልጌ ምንጣፍ ማጣሪያ ነው። በጥልቀት የማይበልጥ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ መረብ ይነጠፋል፤ ከላይ ብርቱ መብራት ይበራበታል፤ ባልዲ እየሞላ በየጥቂት ሰከንዱ ሲገለበጥ ውሃው እንደ ባሕር ዳር ሞገድ ይጠርገዋል። መረቡ ላይ አጫጭር አልጌ ይበቅላል። ዓሣው ያስወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌው ይበላል፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይፋቃል፤ ቆሻሻው ከገንዳው የሚወጣው በዚያ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን አንዲት ብልህ ዘዴ አለችበት፦ ማጣሪያው መብራቱ የሚበራለት ማታ ነው። ገንዳው ጨለማ ሲሆን ፍጥረቱ ሁሉ ኦክስጅን ይበላል፣ ያኔ አልጌው ኦክስጅን ያመርትለታል። ማንም መሐንዲስ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

አሁን ይህንኑ ንድፍ ጅማ እናምጣው። እንበልና ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሊሠራ ፈለገ። 1,500 ሊትር ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚፈራው መስታወቱ እንዳይሰበር ነው፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ይሳታል። መስታወቱን የሚገፋው የውሃው ብዛት አይደለም፣ ጥልቀቱ ነው። በ75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የረጅሙ ጎን መስታወት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊት 570 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ያህል ነው፤ ገንዳው ወርዱ አንድ ሜትር ቢሆን አሥር ሜትር ቢሆን ያው ነው። ለመስኮት የሚሸጠው ቀጭን መስታወት ይህን አይችለውም። ክብደቱ ደግሞ የወለሉ ጉዳይ ነው፦ ውሃው ብቻ በአንድ ካሬ ሜትር ከ750 ኪሎ በላይ፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመር ከአንድ ቶን ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ፎቅ ወለል በተለምዶ የሚነደፈው ለ200 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ምድር ቤት። ምድር ቤትም ቢሆን የጅማ ጥቁር አፈር ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ነው፤ ግድግዳ የሚሰነጥቅ አፈር የሲሊኮን ማጣበቂያ አይምርም። መሠረቱ ራሱን የቻለ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን በገንዘብና በጥንቃቄ የሚፈታ ነው። መጽሐፉ ጨርሶ የማያሳስበው፣ እዚህ ግን ወሳኝ የሚሆነው ነገር የአየሩ ቀጭንነት ነው።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ 81 በመቶ ገደማ ነው። ኮራል በሚፈልገው 25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ በባሕር ዳር በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ ጅማ ላይ ሲሆን 5.5 ገደማ ብቻ ነው። እስቲ በ1,500 ሊትር አባዙት። ጠቅላላው ገንዳ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 8 ግራም ነው! አንድ ቶን ተኩል ውሃ፣ ስምንት ግራም ትንፋሽ። ከሻይ ማንኪያ ሁለት ስኳር አይበልጥም። ዓሣው፣ ኮራሉ፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ፣ ሁሉም ማታ ከዚህች ላይ ነው የሚቀዱት።

አሁን መብራት ይሂድ።

የሚገርመው ሙቀቱ ብዙ አያስፈራም። የጅማ ሌሊት ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ገንዳው ማሞቂያ እንጂ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ባሰላሁት መሠረት ክፍሉ 17 ዲግሪ ቢሆን ገንዳው በመስታወቱና በትነት የሚያጣው ሙቀት 400 ዋት ገደማ ነው፤ ማሞቂያው ቢጠፋ ውሃው በሰዓት ሩብ ዲግሪ እንኳ አይቀዘቅዝም። አሥር ሰዓት ቢጨልም ሁለት ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ኮራሉ ይችለዋል። ትልቅ ገንዳ ለሙቀት ቸር ነው። ለኦክስጅን ግን ቸር አይደለም። የአዴይ ብልህ ዘዴ እዚህ ጋ ነው የሚገለበጠው፦ ሌሊት ኦክስጅን ይሰጥ የነበረው አልጌ፣ መብራቱ ሲጠፋ እሱም ኦክስጅን በላተኛ ይሆናል። ባልዲው አይገለበጥም፣ ፓምፑ አይዞርም፣ አልጌው አያመርትም፤ ሦስቱም በአንድ ሽቦ የታሰሩ ናቸውና አብረው ይወድቃሉ። በእኛ ሙያ ይህ የታወቀ የንድፍ ድክመት ነው፤ መጠባበቂያህና ዋናህ ከአንድ ምንጭ ከበሉ መጠባበቂያ የለህም። የጊልገል ግቤ አንድ ኃይል ማመንጫ፣ 184 ሜጋ ዋት፣ በ2004 ሥራ የጀመረው፣ ከጅማ ብዙም አይርቅም፤ ግን ግድቡ አጠገብ መኖር መብራት አይሄድም ማለት እንዳልሆነ የአካባቢው ሰው ያውቃል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፣ ያውም ከመጽሐፉ ውበት ጋር የማይሄድ። አምስት ዋት የምትበላ ትንሽ የአየር ፓምፕና የሞተር ሳይክል ባትሪ። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሌሊቱን ታሻግራለች። ጄነሬተር ለመግዛት የሚቸኩል ሰው ቢኖር መጀመሪያ ይህችን ይግዛ።

ስለ አረፋ ከተነሳ፣ አዴይ ከመጻፋቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት ጃካርታ ውስጥ ሊ ቺን ኤንግ የተባሉ ሰው በ1961 ያሳተሙት ሐሳብ ነበር፦ ሕይወት ያለበት የሪፍ ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ከሥር ቀስ ብሎ የሚወጣ የአየር አረፋ፣ በቃ። ማጣሪያ የለም። ድንጋዩ ራሱ፣ ባክቴሪያው፣ ትሉ፣ ስፖንጁ ያጣራል። ይህ ዘዴ በኋላ ጀርመኖች አረፋ የሚያነሳ ስኪመርና የኖራ ውሃ ጨምረውበት ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ሆኗል። (የኖራ ውሃ ያልኩት ግድግዳ ከምንቀባው ኖራ ጋር በኬሚስትሪ አንድ ነው፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፤ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም ከዚያ ይመጣል። የቀለም ኖራ ግን ንጽሕናው አይታወቅምና ገንዳ ውስጥ አትጨምሩ።) ኤንግ የነበራቸው ጥቅም ባሕሩ ደጃቸው መሆኑ ነው። ድንጋይ ሲሞት ሌላ፣ ውሃ ሲበላሽ ሌላ። የእሳቸው ገንዳ ዝግ አልነበረም፤ ዝግ ነው ብለውም ብዙ አልተከራከሩም።

አዴይ ግን ይከራከራሉ። ቅሬታዬም እዚህ ነው። የመጽሐፉ አቋም ሪፍ የሚኖረው እጅግ ንጹሕና ምግብ አልባ በሆነ ውሃ ነው፣ ስለዚህ አልጌው ያንን ንጽሕና መፍጠር አለበት የሚል ነው። በ1995 የሆኖሉሉው ዋይኪኪ አኳሪየም ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳዩ፦ ከጉድጓድ በሚወጣ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ከተራ የሪፍ ውሃ በብዙ በሚበልጥ የጨው ውሃ ውስጥ 57 የኮራል ዝርያዎች ደህና አድርገው አደጉ። ልዩነቱ ውሃው ሁልጊዜ አዲስ መግባቱ ነው። ይህ ማለት ምግቡ ብቻውን ገዳይ አይደለም፤ የሚጠራቀመው ሌላ ነገር፣ የመተካካቱ ፍጥነት፣ እነሱ ናቸው ጥያቄው። በአውስትራሊያ ታውንስቪል በ1987 የተከፈተው ትልቁ የሪፍ አኳሪየም፣ ዋናው ገንዳው 2.5 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ፣ በአልጌ ምንጣፍ ማጣሪያ ነበር የጀመረው። አልጌ ሲያድግና ሲፋቅ የሚለቀው ቀለም ውሃውን ወደ ቢጫ ወሰደው፤ ቢጫ ውሃ ደግሞ ኮራል የሚፈልገውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። በኋላ ያንን ማጣሪያ ትተውታል። ዴልቢክና ስፕረንግ በ1994 ባወጡት «ዘ ሪፍ አኳሪየም» ይህን ክርክር በዝርዝር አንስተውታል፤ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የተሻለ ይጠቀማል።

ለአዴይ ፍትሕ ለመስጠት፣ ማንም ያላየውን ነገር አይተዋል። በ1998 ከባልደረቦቻቸው ጋር አንዲት አምስት ካሬ ሜትር የማትሞላ የሪፍ ገንዳ ውስጥ ያሉትን ፍጥረታት አንድ በአንድ ቆጥረው 534 ዝርያ አገኙ። ለዓመታት ከተዘጋች ገንዳ! ከዚያ ተነስተው የዓለም ሪፎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ዝርያ ሊኖራቸው ይችላል ብለው ገመቱ። ግምቱ ለእኔ ረጅም ዝላይ ነው፤ ከአንድ ጓሮ ተነስቶ ስለ ከፋ ጫካ በሙሉ እንደመናገር። ቆጠራው ግን ድንቅ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለችው ትል፣ ማንም ገንዘብ ከፍሎ ያልገዛት፣ ገንዳውን የምታቆመው እሷ ናት የሚለው ትምህርት ከሌላ መጽሐፍ ያን ያህል ጎልቶ አይገኝም።

ዝግነቱ ግን ቅዠት ነው። ከጅማ ሆኖ ሲታይ ቶሎ ይገለጣል፣ ምክንያቱም ዋሽንግተን ላይ የማይታየው እያንዳንዱ የውጭ ዕቃ እዚህ ዋጋና ቀን አለው። 1,500 ሊትር በሊትር 35 ግራም ጨው ሲባል 52 ኪሎ ተኩል ነው። በሳምንት አሥር በመቶ ውሃ ቢቀየር በዓመት 273 ኪሎ ጨው። የአፍዴራ ጨው ያለን ሀገር ጨው እናስመጣ እንላለን? አዎ፣ እናስመጣለን፤ ምክንያቱም የገበታ ጨው አንድ ጨው ነው፣ የባሕር ጨው ደግሞ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌት በልኩ የገባበት ድብልቅ። አሞሌ አይሆንም። የሚተነውን ውሃ ለመሙላት የዝናብ ውሃ ይበቃል፣ ጅማ ዝናብ አይቸግራትም፤ ግን ዝናቡ የሚወርደው በቆርቆሮ ላይ ነው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ለኮራልና ለሽሪምፕ ደግሞ ዚንክ መርዝ ነው። በፕላስቲክ ሸራ መቅዳት ይሻላል። ብርሃኑ ደስ ይላል፦ 8 ዲግሪ ኬክሮስ ያልሞላ አገር፣ ጣሪያው ላይ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ተገጥሞ የበጋው ፀሐይ ያለክፍያ ይገባል። ክረምቱ ግን ደመና ነው፤ ለሦስት ወር አምፖል ያስፈልጋል።

የዝግነትን ቅዠት እስከ ጥግ የወሰደው በአሪዞና የተሠራው ባዮስፌር 2 ነው። በመስከረም 1991 ስምንት ሰዎች ገብተው ተዘጋባቸው፤ ውስጡ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሊትር የሚጠጋ ውቅያኖስና ሪፍ ነበረ፤ የአልጌ ምንጣፍ ማጣሪያም ተገጥሞለታል። ከዓመት በላይ ሲቆይ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 14 ተኩል በመቶ ገደማ ወረደ። የት ገባ? ለም አፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በልተውት ነበር፤ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት ውጦ ምልክቱን ደበቀው። ከውጭ ኦክስጅን ተነፋላቸው። ኮንክሪት! የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ያላሰበው፣ ሲቪል መሐንዲስ ግን ገና በሁለተኛ ዓመት የሚማረው ነገር።

ታዲያ ጅማ ላይ ሪፍ እንሥራ? እኔ አልሠራም። አንድ ሀብታም ቢፈልግ ይሠራል፣ ከላይ ባለው ስሌት ይጠቀም፤ ነገር ግን ኮራሉ ከሌላ አገር ባሕር ተነቅሎ በአውሮፕላን መጥቶ በመጀመሪያው ረጅም ጨለማ የሚሞት ከሆነ ትርፉ አይታየኝም። መጽሐፉ የሚጠቅመን ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ጥድፊያ አለ፣ እሱን ልቃወም።

የአልጌ ምንጣፍ ከአኳሪየም ወጥቶ ለቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ መዋሉ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በወተት ላሞች ፍግ ውሃ ላይና በፍሎሪዳ የእርሻ ፍሳሽ ላይ ተሞክሯል። ከዚህ ተነስቶ «የአጋሮን፣ የጎማንና የሊሙን የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ በዚህ እናጽዳ» የሚል ሐሳብ በተማሪዎች ዘንድ ሲነሳ እሰማለሁ። ጥሩ ምኞት ነው። ግን ውሃውን እንይ። ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ጠቆር ያለ፣ ስኳርና ዝልግልግ የበዛበት፣ ሲቆይ እየኮመጠጠ ፒኤች 4 አካባቢ የሚደርስ ነው። አልጌ የሚፈልገው ብርሃን የሚያልፍበት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት፣ ኮምጣጣ ያልሆነ ውሃ ነው። ተቃራኒው ነው። የቡናው ውሃ ወንዙን የሚገድለው በፎስፈረሱ ሳይሆን ኦክስጅኑን በመብላት ነው። የጅማ ወንዝ በ20 ዲግሪ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7.4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ፍሳሽ ለመበስበስ ለምሳሌ 3,000 ሚሊ ግራም ቢጠይቅ የ400 ሊትር ወንዝ ትንፋሽ ይጨርሳል። ጊዜውም ክፉ ነው፦ ማጠቢያው የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ክረምቱ አልቆ ወንዙ እየቀነሰ ሲሄድ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ውሃ የሚቆጥብ መፈልፈያ፤ ቀጥሎ ገለፈቱን ለይቶ ብስባሽ ማድረግ፤ ከዚያ ጉድጓድ፣ ኖራ፣ አየር የሌለው ገንዳ (ባዮጋዝም ይወጣዋል)፤ ከዚያ ቬቲቨር ሣር ወይም ፊላ። አልጌ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ውሃው ከጠራ በኋላ። መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ሰው የሞተ መረብና የባከነ ዓመት ነው የሚያገኘው።

የመጨረሻውን ደረጃ በተመለከተ ጅማ የራሷ ናሙና አላት። አዌቱ ወንዝ የከተማዋን እጣቢ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ረግረጉ አጣርቶ ወደ ጊልገል ግቤ ይልከዋል። ፓምፕ የለው፣ ባልዲ የለው። የሸክላ ጡብ አፈር ይቆፈርበታል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ቆሻሻ ይደፋበታል፤ በዚያው ልክ ማጣሪያነቱ ይጠባል፤ ግቤ ላይ ያለው የግድቡ ሐይቅ ደግሞ ከላይ ያልተጣራውን ሁሉ ይቀበላል። በመጽሐፉ ዘዴ ገንዳ መሥራት የሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ ካለ፣ ከግቤ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ፣ ከቦዬ ፊላና ጭቃ፣ ከአዌቱ ውሃ ወስዶ 1,500 ሊትር የጣፋጭ ውሃ ገንዳ ይሥራ። ጨው አያስመጣም፣ ማሞቂያም አይፈልግም። ፍሳሹን በልክ እየጨመረ ኦክስጅኑ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ከ2 ሚሊ ግራም በታች እንደሚወርድ ይለካ፤ ረግረጉ ምን ያህል እንደሚችል የሚነግረን ያ ቁጥር ነው። ለዚህ ሥራ የአዴይና የላቭላንድ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ፍሰትና ስለ ጋዝ ልውውጥ የሚያወሩት፣ እስካሁን የሚበልጣቸው አላየሁም።